እድር ከሞት በፊት ይድረስ

«ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል፤ ኮንጎ ጫማ አድርጊ።» በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ይህን ምክር ያልሰማ ጥቂት ነው። እናት ለልጇ፣ አከራይ ለአዲስ ተከራይ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያስተላልፈዋል። እንጀራ የምትጋግረው ሴት ከእግሯ ሥር ጣውላ ታነጥፋለች። የፍሪጁን በር በጨርቅ ይዞ የሚከፍት ቤተሰብ አለ። የቧንቧ ውሃ ሲነኩ የሚነዝርበት ግቢም አለ፤ ልጆች «እሱን ቧንቧ አትንኩ» እየተባሉ ያድጉበታል። ለመድነው። ይህ ጥሪ መልመዱ እንዲያበቃ ነው፤ ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ለአከራዮችና ለተከራዮች፣ ለኤሌክትሪሻኖች፣ በየወረዳው የመንግሥት ቤት ለሚያስተዳድሩ ሁሉ።

የምጣዱን አሠራር እናስታውስ። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው ቦይ ሬዚስታንሱ ይዘረጋል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ ዙሪያው በላሜራ ይታቀፋል። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በብዙ ቤት የዚህን ያህል ኃይል የሚወስድ ሌላ ዕቃ የለም። በየጋገራው ይግላል፣ ይቀዘቅዛል። ከጊዜ በኋላ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ጀሶው ይፈረፈራል፣ የሊጡ ውሃ በስንጥቁ ይሰርጋል። አንድ ቀን ሽቦው ከላሜራው ጋር ይገናኝና የምጣዱ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

ቢጫና አረንጓዴው ሦስተኛ ገመድ የተዘረጋው ለዚያች ደቂቃ ነው። ፌዙ ያመጣል፣ ኒውትራሉ ይመልሳል፤ ግራውንዱ በደህና ቀን ምንም ሥራ የለውም። በብልሽት ቀን ግን ላሜራው ላይ የወጣውን ኃይል ተቀብሎ ወደ መሬት ያወርደዋል። እሱ ከሌለ ወደ መሬት የሚያወርደው መንገድ እጇ ሊጥ የነካው፣ እግሯ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመው ሴት ናት።

«ብሬከር አለን» የሚል መልስ በየግቢው ይሰማል። ብሬከሩ የተሠራው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። 16 አምፔር የሚል ብሬከር ከ16 አምፔር በታች ያለውን ፍሰት እንደ ጤነኛ ይቆጥረዋል። የእርጥብ ሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ይወርዳል፤ 220 ቮልት ለዚህ ሲካፈል በሰውየው የሚያልፈው 0.22 አምፔር ገደማ ነው። ለብሬከሩ ይህ ከአንድ አምፖል ብዙ አይበልጥም። ለልብ ግን ከበቂ በላይ ነው፤ ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፣ በ30 አካባቢ ትንፋሽ ይታፈናል፣ ከዚያ በላይ ልብ ምቱን ይስታል። ብሬከሩ ሳይወርድ ሰው ይሞታል። የድሮው ባልቦላማ ጭራሽ አይሰማውም።

አሮጌ ቤቶቻችን እዚህ እንዴት ደረሱ? ብዙዎቹ ሽቦ የገባላቸው ለአንድ ሁለት አምፖልና ለሬዲዮ በተባለበት ዘመን ነው፤ ሁለት ገመድ፣ ሦስተኛ የለም። ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ ገባ፤ ተከራዩ ‹የእኔ አይደለም› ብሎ፣ አስተዳዳሪው ‹ኪራዩ ለጥገና አይበቃም› ብሎ ሽቦው እዚያው አረጀ። በመሃሉ አምፖል ብቻ የነበረበት ቤት ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ቦይለርና ልብስ ማጠቢያ አስገባ። ግድግዳው ላይ በግራና በቀኙ የብረት ምላስ ያለው አዲስ ሶኬት ተተከለ፤ ከኋላው ግን ከምላሱ ጋር የተያያዘ ገመድ የለም። አዲስ ሶኬት ማየት ግራውንድ አለ ማለት አይደለም።

ግራውንድ የነበራቸው ቤቶችም ሳያውቁ ያጡበት መንገድ አለ። የድሮ ሠራተኞች ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧው ጋር ያስሩት ነበር፤ ቧንቧው ብረት ሆኖ መሬት ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ለጊዜው ይሠራ ነበር። ዛሬ የዛገው ብረት ወጥቶ ፕላስቲክ ገብቷል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቤት ውስጥ የቀረው የብረት ቁራጭ አሁንም ከግራውንዱ ጋር የታሰረ ከሆነ የምጣዱ ብልሽት መታጠቢያ ቤት ድረስ ይሄዳል። ቧንቧው የሚነዝረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ዘዴ ግን ዛሬውኑ እንዲቆም አጥብቄ እለምናለሁ። «ግራውንድ የለም? ቀላል ነው» ብሎ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ምላስ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት። ለጊዜው መንዘሩ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ይመርቃል፣ ሠራተኛው ሒሳቡን ይቀበላል። ነገር ግን ነፋስ ወይም ዝገት ከፖሉ የሚመጣውን ኒውትራል የበጠሰው ዕለት፣ በአንድ አምፖል በኩል ያለፈው ፌዝ መመለሻ አጥቶ በዚያው አጭር ሽቦ ይሄድና የቤቱን የብረት ዕቃ ሁሉ ባለ 220 ቮልት ያደርገዋል። ያልተበላሸው ፍሪጅ ይገድላል። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ቢኖር ወንድሜ ሆይ፣ እጅህን ሰብስብ።

ይህ ሁሉ ለምን የጋራ ጥሪ ሆነ? ‹እያንዳንዱ ቤቱን ያሠራ› ለምን አይባልም? አሮጌ ግቢ እንደዚያ ስላልተሠራ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሥር ብዙ ቤተሰብ አለ፤ በኒውትራሉም፣ በቧንቧውም፣ ካለም በግራውንዱ ተያይዘዋል። መሬት ውስጥ ያለው የግራውንዱ ዘንግ ደካማ ከሆነ በአንደኛው ክፍል የተበላሸው ምጣድ ኃይሉን በጋራው ግራውንድ ይልክና በአራተኛው ክፍል ያለችውን የጎረቤት ፍሪጅ ያስነዝራል። የላይኛውን ቤት ሽቦ ቆርቆሮ ጣሪያው ከላጠው የጋራው አጥርና የልብስ ማስጫው ሽቦ ኃይል ይሸከማል። አንዱ ተጠንቅቆ ሌላው ካልተጠነቀቀ የተጠነቀቀውም አልዳነም። የመብራት አገልግሎቱ ኃላፊነትም ቆጣሪው ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ነው።

ለእኛ ደግሞ የተሠራ ድርጅት አለን፦ እድር። መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሁሉም በሚታወቅ ቀን ይሰበሰባል፣ ቤት ለቤት ይተዋወቃል። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል። ‹እድር ለቀብር ነው› የሚል ካለ፣ በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰፈራችንን ባራቆተ ጊዜ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመሙትን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ መጀመራቸውን ያስታውስ። ያኔ የተቻለ ዛሬ አይከብድም። በኤሌክትሪክ ተይዞ ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል እድር ያው ሰው በሕይወት ሳለ የግቢው ግራውንድ እንዲለካለት መጠየቅ ይችላል፤ ይገባዋልም።

ሥራው ይህ ነው። እድሩ የብቃት ማረጋገጫ ያለው አንድ ኤሌክትሪሻን ለሰፈሩ በሙሉ ይዋዋል፤ ለብዙ ግቢ አንድ ላይ የሚከፈለው ለየብቻ ከሚከፈለው ይረክሳል። ባለሙያው መሬት ላይ ችካል ተክሎ የግራውንዱን ተቃውሞ በሚለካ መሣሪያ ይለካ፤ በቴስተር ነክቶ «ደህና ነው» ቢል አትቀበሉት። የሚለካውም በደረቅ ወቅት፣ በጥርና በየካቲት ቢሆን ይመረጣል። የቦሌና የአቃቂ ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ጥሩ ያስተላልፋል፣ በበጋ ይሰነጣጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል። በሐምሌ ያለፈ ፈተና በጥር ላያልፍ ይችላል።

ዘንጉ መዳብ የተለበጠ፣ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ይሁን፤ ግማሽ ሜትር ፌሮ መትቶ መሄድ ግራውንድ አይባልም። ቁፋሮውን የሰፈሩ ወጣቶች በደቦ ይሥሩት። ዘንግ ብቻውን ግን አይበቃም። ተቃውሞው 50 ኦም ቢሆን በ220 ቮልት የሚያልፍበት 4.4 አምፔር ነው፤ 16 አምፔሩ ብሬከር ዝም ይላል፣ ምጣዱም መንዘሩን ይቀጥላል። ስለዚህ አርሲዲ የሚባለው፣ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለው ብሬከር አብሮ ይግባ። በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ከሴኮንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፤ 300 የሚለው ከእሳት ለመከላከል እንጂ ለሰው አይደለም። ከተገጠመ በኋላ በየወሩ ቁልፉን ይጫኑት። ደጋግሞ ከወረደ ደግሞ ‹አስቸገረን› ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሲደበቅ የኖረውን ብልሽት አግኝቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። በብዙ ግቢ ዋናው የመብራት ማጥፊያ ያለው በአከራዩ ክፍል ውስጥ፣ በቁልፍ ተዘግቶ ነው። ሰው ተይዞ ሲጮኽ ቁልፍ ፍለጋ መሮጥ አይገባም። አከራዮች፣ ማጥፊያውን ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በሚደርስበት ቦታ አድርጉ። የግቢው ሰው በሙሉ፣ ልጆች ጭምር፣ የት እንዳለ ይወቅ፤ የተያዘን ሰው በእጅ መሳብ ተከታዩን እንደሚገድል፣ መጀመሪያ መብራቱ እንደሚጠፋ፣ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት እንደሚገፋ፣ የማይተነፍስ ከሆነ ርዳታ እስኪመጣ ደረቱን ያለማቋረጥ መጫን እንደሚያስፈልግ ይማር።

«ቤቱ ነገ ይፈርስ ይሆናል፣ ለምን ገንዘብ እናፈሳለን?» የሚለውን ሥጋት አውቃለሁ፤ በከተማችን ከበቂ በላይ ምክንያት ያለው ሥጋት ነው። አርሲዲው ግን ተፈቶ አብሮ ይሄዳል፣ ዘንጉም ይነቀላል። የመንግሥት ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ቤቱ ያለ ባለቤት አይደለም፤ ለወረዳው በግል ከማመልከት የግቢው ሰው ሁሉ የፈረመበትን፣ የልኬቱ ውጤት የተያያዘበትን አንድ ደብዳቤ በእድሩ ማኅተም አስገቡ። ቁጥር ያለበት ማመልከቻ እንደ ሮሮ አይታለፍም። በአሜሪካና በዓረብ አገር ያላችሁ ልጆቻችን፣ ለእናታችሁ ልብስ ማጠቢያ ከመላካችሁ በፊት የምትሰካበት ሶኬት ግራውንድ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው መጀመሪያ የግራውንዱን ገንዘብ ላኩ። የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ለተግባር ልምምድ ወደ እነዚህ ግቢዎች አምጧቸው።

አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎ እድር የሚሰበሰብበትን ቀን ያውቁታል። ያን ቀን እጅዎን አውጥተው «የግቢያችን ግራውንድ ይለካ» የሚል አጀንዳ ያስይዙ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን አይተው ይውጡ።