ተራኪው ሲያርፍ ተረቱ ወዴት ይገባል?

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ያን ሰሞን ያዘነው ሕፃኑ ብቻ አልነበረም። በልጅነቱ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረታቸውን ሲሰማ ያደገው፣ ዛሬ ግን ፀጉሩ የሸበተው ትውልድ ይበልጥ አዘነ። በሌላው ዓለም ምናባዊ ልቦለድ የሚባለው ዘርፍ፣ ጅብ የሚናገርበትና ጦጣ የምትፈርድበት ዓለም፣ በእኛ ዘንድ ከመጽሐፍ ይልቅ በአፍ የኖረ ነው። ስለዚህ አባባ ተስፋዬ የዚህ ዘርፍ ተወዳጅ ደራሲያችን ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ሐዘናችን አንድ ጉድለት ነበረበት። ለሰውየው አለቀስን እንጂ ተረቱ የት እንደ ተቀመጠ አልጠየቅንም።

አባባ ተስፋዬስ ቢያንስ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ነበር። በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ፣ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ገጠሮች፣ እሳት ዳር የሚተርቱ አያቶች ያለ ካሜራ ያርፋሉ። ሲያርፉ መርዶ ይነገራል፤ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፤ ደግነታቸውና ዘራቸው ይወሳል። ስንት ተረት ያውቁ እንደ ነበር የሚቆጥር ግን የለም።

የባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት በ4 ዝሆኖች ትከሻ ላይ የተቀመጠች፣ ዝሆኖቹም በአንዲት ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ላይ የቆሙላት ጠፍጣፋ ዓለም ፈጥሮ ከ40 በላይ ልቦለዶችን ጽፎባታል። በ2000 ዓ.ም. ብዙም ያልተለመደ የአልዛይመር በሽታ ዓይነት እንደ ያዘው ለሕዝብ አስታወቀ፤ ለበሽታው ምርምርም 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ዐረፈ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ልቦለዱ ውስጥ መልእክት ከማማ ወደ ማማ በምልክት እየተቀባበለ ይተላለፋል። አንድ የማማ ሠራተኛ ሲሞት ጓደኞቹ ስሙን በመስመሩ ላይ ይለቁታል። ከስሙ ጋር 3 ትእዛዛት አብረው ይሄዳሉ፦ ወደ ፊት አስተላልፍ፣ በመዝገብ አትጻፍ፣ መስመሩ ሲያልቅ መልሰህ ላከው። ስሙም ከዳር እስከ ዳር ሲመላለስ ይኖራል። ፕራቼት ባረፈ ጊዜ አንባቢዎቹ ይህንኑ በእውነተኛው ኢንተርኔት ላይ አደረጉት። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ሰርቨሩ ከጽሑፉ አስቀድሞ የሚልካቸው፣ ስለ ፋይሉ ዓይነትና መጠን የሚናገሩ፣ ለተመልካች ዓይን ግን የማይታዩ አጫጭር መስመሮች አሉ። በእነዚያ መካከል የደራሲውን ስም አስገቡት። ስሙን እስከ ዛሬ የሚልኩ ሰርቨሮች አሉ። ለኮምፒዩተሩ ሥራ አንዳች ጥቅም የለውም፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ተዝካር እኔ አላውቅም።

የሚገርመው፣ የእኛ ተረት ይህን ደንብ ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። ተራኪው ሲጀምር አድማጩ በተለመደው ቃል ይመልሳል፤ ሲጨርስም ተረቱ እንዲመለስለት፣ አፉም በዳቦ እንዲታበስለት ይጠይቃል። «መልሰህ ላከው» ማለት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የሚመላለስ ነገር ሁሉ እንደ ተነሣ አይደርስም። የካምብሪጁ የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ የገለጸው ሙከራ ይህን ያሳያል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነበበ፤ በኋላም ከትዝታቸው እንዲጽፉት፣ አንዱ የጻፈውንም ሌላው እንዲቀበል አደረገ። ተረቱ እያጠረ ሄደ። ለአንባቢዎቹ እንግዳ የሆነው ክፍል ተጣለ፣ ወይም በሚያውቁት ተተካ፤ ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ።

ከዚህ በተቃራኒ በጋይንት የሚገኘውን የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት እናስብ። በዚያ ተማሪው አንዲት የዜማ ምልክት ቢስት መምህሩ ያርመዋል፤ መጽሐፉም ይመሰክርበታል። በኮምፒዩተር ሳይንስ አነጋገር ይህ ስሕተትን የሚያርም ሥርዓት ነው። ተረት እንዲህ ያለ መምህር የለውም። የመጨረሻዋ አያት ካረፈች የተሳሳተውን ከትክክለኛው የሚለይ የለም።

ተረት ሕይወቱ በአፍ ነው፣ በመቅረጫ ሲያዝ ይሞታል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ይኸው ፕራቼት ያላለቁ ሥራዎቹ የነበሩበት ሃርድ ዲስክ እንዲወድም ፈቃዱ ነበር። አባባ ተስፋዬ ባረፉ በ25ኛው ቀን፣ ነሐሴ 19 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዲስኩ በእንፋሎት በሚንቀሳቀስ አሮጌ ሮለር ተደፈጠጠ። ቁጭት የተሰማቸው አንባቢዎች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም፤ እኔ ግን ፈቃዱ መከበሩን እደግፋለሁ። ያ የባለቤቱ ምርጫ ነበር። የስማዳዋ አያት ተረት ሲጠፋ ግን ይጥፋ ብሎ የመረጠ ሰው የለም። የተቀዳ ተረትም ዳግመኛ ከመተረት አይከለከልም።

ስለዚህ ጥሪዬ ክረምቱን ወደ ቤታቸው ለሚመለሱ ተማሪዎች ነው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የተራኪውን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ተረቱን ከማን እንደ ሰሙት በዚያው ድምፅ ላይ አስነግሩ። ቅጂውን ቢያንስ በ3 የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ የአባቶቻችንን ካሴቶች እርጥበት እንደ ጎዳቸው ሁሉ ስልክም ይሰበራል። ደግሞም በአንድ ተራኪ አትቁሙ። ያንኑ የጅብ ተረት ከእስቴም ከስማዳም ቅዱና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የት ላይ እንደሚለያዩ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ባርትሌት በቤተ ሙከራው ያየውን ለውጥ፣ እናንተ በሁለት ወረዳዎች መካከል ልታዩት ትችላላችሁ።