ፎቶግራፍ የሆነ ጽሑፍ

እስቲ በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር የሚኖር አንድ ዓይነ ሥውር የክፍል ጓደኛ አላችሁ እንበል። የሰኞው ፈተና ወደ ረቡዕ መዛወሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይደርሰዋል። በስልኩ ያለው አንባቢ ፕሮግራም ፊደሉን ወደ ድምፅ እየለወጠ ያሰማው ነበር፤ አሁን ግን «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል። የተላከው በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፎቶግራፍ ነውና። ጓደኛችሁ ሰኞ ማለዳ ብቻውን ከተዘጋ በር ላይ ይቆማል።

ፈተናስ ቀላል ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዛሬ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በፎቶግራፍ ብቻ ቢላክ፣ ማየት የማይችለው ሰው ምን ይሰማል?

ችግሩ የገንዘብ እጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስልኩ በእጁ ነው፤ ኢስፒክ የተባለው አማርኛ አንባቢ ፕሮግራምም፣ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም፣ ያለ ክፍያ ይገኛል። የጎደለው የላኪው ጥንቃቄ ነው። «ማኅተምና ፊርማ የሌለበትን ማን ያምናል?» የሚለው መከራከሪያ ግን የሚናቅ አይደለም፤ በአገራችን ማኅተም ከቃል ይልቅ ይከበራል። እንግዲያውስ ፎቶግራፉ ለማኅተሙ ሲባል ይላክ፤ ከሥሩ ደግሞ ያው ቃል በፊደል ይጻፍ። አምስት መስመር መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

በፊደል መጻፍም ብቻውን አይበቃም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ከማግኘቱ በፊት፣ የአማርኛ የኮምፒዩተር ጽሑፍ በአብዛኛው በላቲን ፊደል መለያ ላይ የተደረበ ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ለዓይን «ሀ» ቢመስልም ለመሣሪያው ሌላ ነው፤ አንባቢው ፕሮግራም ትርጉም የለሽ ድምፅ ይደረድራል። ስለዚህ የቆዩት ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። መስማት ለተሳናት ተማሪ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ምስሉ ንግግር ከሥር ሊጻፍላት ወይም በምልክት ቋንቋ ሊተረጎምላት ይገባል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 መረጃ ለእነርሱም ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ስምምነቱ የክፍላችሁን የቴሌግራም ቡድን አይጠብቅም። ነገ የክፍል አለቃው የሰሌዳውን ማስታወሻ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲልክ ቃሉን ከሥሩ እንዲጽፍ ጠይቁት፤ ጊዜ የለኝም ካለ እናንተ ጻፉት።