ለዑምራ ጉዞ የአየር መንገድ ካርድ ያዋጣል?

ዐስር ተሰግዶ ኢፍጣር ሲቃረብ በፒያሳ ኑር መስጂድ፣ በተለምዶ በኒ በምንለው አካባቢ፣ ቴምር የሚገዛው፣ ሳምቡሳ የሚያስጠቀልለው፣ ወደ ቤቱ የሚጣደፈው ብዙ ነው። የረመዳን ዑምራ ምንዳው ከፍ ያለ በመሆኑ በየቤቱ የሚነሳው ወሬም ስለ ጉዞው ወጪ ነው። “እናታችንን ዑምራ ለመላክ በተገበያየን ቁጥር የአየር መንገድ ማይል የሚያስገኘውን የባንክ ካርድ ብናወጣ ያዋጣናል?” የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል። ሐጅ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል በጥቅል ክፍያ ስለሚከናወን፣ የማይል ነገር በዋናነት የሚታሰበው ለዑምራ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደንበኞቹን የሚሸልምበት ሸባ ማይልስ የተባለ ፕሮግራም አለው። አባልነቱ በነፃ ነው፤ አባሉ በበረረ ቁጥር ማይል ይመዘገብለታል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ በኅብረቱ አየር መንገዶች መብረርም ማይል ያስገኛል። ለዚህ ምንም የባንክ ካርድ አያስፈልግም። የአየር መንገድ ስም የያዘ የባንክ ካርድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳይበሩ፣ በመገበያየት ብቻ ማይል ይሰጣል።

ሽልማቱን የሚከፍለው ማነው?

ባንኩ ማይሉን ለደንበኛው የሚሰጠው ከአየር መንገዱ በገንዘብ ገዝቶ ነው። ያን ገንዘብ ደግሞ ከነጋዴው ከሚቆረጠው ክፍያ፣ ከካርዱ ዓመታዊ ክፍያና ካርዱ የዱቤ ማለትም ክሬዲት ካርድ ከሆነ በቀኑ ካልከፈሉ ሰዎች ከሚሰበሰበው ወለድ ያገኘዋል። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። ስለዚህ በውጭ የሚኖር ልጅ “በካርዴ ማይል ቲኬት እቆርጥላችኋለሁ” ሲለን፣ ዕዳውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ጥያቄው ከትርፍና ኪሳራ ያለፈ ነው። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የወለድ ግዴታ በውሉ የተጻፈበትን የዱቤ ካርድ ማውጣትም ሆነ መጠቀም እንደማይፈቀድ ገልጿል፤ ተጠቃሚው በእፎይታ ጊዜው ውስጥ ለመክፈል ቢያስብም እንኳ። ይህ “እኔ በቀኑ ስለምከፍል ወለዱ አይነካኝም” ለሚለው የተለመደ መከራከሪያ ቀጥተኛ መልስ ነው።

ወርቅ ቤት ስንደርስ

ከዒድ በኋላ የኒካሕ ወቅት ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ለመህርና ለስጦታ ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ይወርዳል። የቤተሰብ ትልቁ የአንድ ቀን ወጪ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ ማይል የሚያስጎመጀውም እዚህ ላይ ነው። ይኸው የ2000 ውሳኔ ግን ወርቅ፣ ብርና የውጭ ገንዘብ በዱቤ ካርድ መግዛት እንደማይቻል ይደነግጋል፤ ልውውጡ እጅ በእጅ መሆን አለበትና። አካዳሚው በ2004 ባሳለፈው ሌላ ውሳኔ በሽፋን ካርድ፣ ማለትም ገንዘቡ ከራሳችን ሒሳብ በሚቀነስበት ካርድ መግዛትን ፈቅዷል።

የአገራችን ባንኮች የሚሰጡት ካርድ በአብዛኛው ከሒሳባችን በቀጥታ የሚቀንስ ወይም አስቀድሞ የሚሞላ በመሆኑ በዚህ በኩል ነገሩ ይቀላል። የሚቀረው ከካርዱ ጀርባ ያለው ሒሳብ ወለድ የሚታሰብበት መሆን አለመሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጥ፣ በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ከፈቀደ ወዲህ አማራጭ አለን፤ ዘምዘም እና ሂጅራ ባንኮች በ2021 ሥራ ጀምረዋል። ካርዱ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ጋር መተሳሰር ይችል እንደሆነ፣ የሽልማቱንም ብይን የባንኩን የሸሪዓ አማካሪዎች መጠየቅ ተገቢ ነው።

በብርና በማይል ስናሰላው

ሐላል መሆኑ ብቻ አዋጭ አያደርገውም። ለምሳሌ ያህል፣ ካርዱ በየ100 ብሩ 1 ማይል ይሰጣል፣ ዓመታዊ ክፍያው 1,000 ብር ነው፣ የነፃ ቲኬቱ ደግሞ 30,000 ማይል ይጠይቃል እንበል። በወር 15,000 ብር በካርድ የሚያወጣ ቤተሰብ በዓመት 1,800 ማይል ይሰበስባል። ቲኬቱ ጋ ለመድረስ ከ16 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ እስከዚያው 16,000 ብር የካርድ ክፍያ ይከፍላል። ማይል ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። “ነፃ” የተባለው ቲኬትም ታክስና ሌሎች ክፍያዎች ይቀሩታል።

በዚያ ላይ የረመዳን ወጪያችን በአብዛኛው ካርድ አይነካም። ቴምሩ፣ ሥጋው፣ የሾርባው እህል የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብርና በሞባይል ባንክ ዝውውር ነው። ማይል የሚቆጠረው ካርዱ በክፍያ ማሽን ሲያልፍ ከሆነ፣ ከላይ ያሰብናት 15,000 ብርም ለብዙ ቤት የተጋነነች ናት።

ካርዱን የሚደግፍ ክርክር የለም አንልም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ስለረከሰ፣ በብር የተቀመጠ የጉዞ ቁጠባ አቅሙ ይሳሳል፤ ማይል ግን በምንዛሪ አይቀንስም። ሆኖም ለቲኬት የሚጠየቀውን የማይል መጠን የሚወስነውና የሚለውጠው አየር መንገዱ ነው። ለንግድ ወደ ዱባይ ወይም ጓንጁ የሚመላለስ፣ የሆቴልና የቲኬት ወጪውን ለማንኛውም በካርድ የሚከፍል ነጋዴ ሊጠቀም ይችላል። በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን አያዋጣም ባይ ነን።

ታዲያ ምን ይሻላል? ተጓዡ ሁሉ ከጉዞው በፊት በነፃው አባልነት ይመዝገብ። ለካርድ ክፍያ ሊወጣ የታሰበው ብር ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ በእናት ስም ይቀመጥ። ካርዱን ለማውጣት የወሰነም ካለ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በውሉ ወለድ አለ ወይ? ማይሉ መቼ ይቃጠላል? ለጅዳ ቲኬት ስንት ማይል፣ ስንትስ ብር ይጠየቃል?

ማይል ለመሙላት ሲባል ያልታሰበ ዕቃ የተገዛ ዕለት ካርዱ ከስሯል። ሐጅም ሆነ ዑምራ አቅም ለቻለ ነው፤ በዕዳ የተጀመረ ጉዞ ደግሞ ከተመለሱም በኋላ አያልቅም። ረመዳን ከሪም!