ድምፃችን የማይደርስበት ምክር ቤት

ወገኖች፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 እሪ በከንቱ የተሰለፈ መራጭ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ድምፁን ሰጥቷል። ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የድምፅ መስጫ ወረቀት አልነበረም። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ይህ ምክር ቤት ነው፤ በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የምክር ቤቶቹን ዕድሜ ያስቀጠለውም እሱ ነው።

አንቀጽ 61 ሁለት መንገድ ይፈቅዳል፦ አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ፣ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። የተለመደው የመጀመሪያው ነው። አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች ሁለቱም በር ዝግ ነው። «ብሔርህ በክልሉ በኩል ተወክሏል» ይሉናል። ተወካዩን የላከው ግን የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ የአራዳ ነዋሪ ደግሞ ያንን ምክር ቤት አልመረጠም።

ክልሎች ቀጥታ ምርጫ ለማካሄድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አያስፈልጋቸውም፤ ይጀምሩት። የአዲስ አበባ ጥያቄ ግን ማሻሻያ ይሻል። ታዲያ ለምክር ቤት እጩ ሆኖ ደጃችን የሚመጣን ሰው ስለ ውሃና ስለ መንገድ ብቻ አንጠይቀው፤ ስለዚህም አቋሙን እንጠይቀው።