መሪ የጨበጠ ልጅ ላይ አትደውሉ

የወለጋዋ ቢላ ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ! ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው። ለወጣት ሾፌሮቹ የሚናገር ሌላ አለ፤ ማሠልጠኛው ያስተምራቸዋል፣ ትራፊክ ፖሊስም ይቀጣቸዋል። እኛን ግን የሚገሥጽ የለም። ሾፌር መንገድ ላይ ሳለ ስልኩን ከሚያስጮኹበት ሰዎች ብዙዎቹ እኛ ነን።

ልጃችን ቡና ጭኖ በአይሱዙ ወደ ጊምቢ ወጣ እንበል። ብዙም ሳይርቅ እናት «የት ደረስክ?» ብላ ትደውላለች። ጥቂት ቆይቶ አጎት፣ ከአጎት ቀጥሎ የቡናው ባለቤት። ልጁ የታላቅን ስልክ አለማንሣት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነው፤ ኩርባ ላይም ቢሆን ያነሣል። ለሞት የሚዳርገው እኛው ያስተማርነው ጨዋነት ነው።

ለምን እንደምንደውል አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ስልክ ለወራት ሲቋረጥ፣ ልጅ ይኑር ይሙት ሳናውቅ ያደርን ሰዎች ነን። መንገዱ ሰላም ያጣባቸውን ዓመታትም አይተናል። የልጁን ድምፅ ካልሰማ እንቅልፍ የማይወስደውን ወላጅ እንዴት እወቅሰዋለሁ? የምፈራው ግን ሌላውን ሁሉ አደጋ አልፎ የመጣውን ልጅ የእኛ ጥሪ እንዳይጥለው ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሴኮንድ 50 ሜትር ያልፋል። ሾፌሩ ማን እንደደወለ ለማየት ለዚያች ጊዜ ዓይኑን ከመንገዱ ካነሣ፣ ያን 50 ሜትር መኪናው የሄደው ያለ ነጂ ነው። በእኛ መንገድ 50 ሜትር ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ከብት የሚነዳ እረኛ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት፣ በመኸር ጊዜ ጠርዙ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅ። ከነቀምቴ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ፤ በክረምት ጉሙ ይጨመርበታል።

«ጆሮዬ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ እጄ ነፃ ነው» የሚል ልጅ አይሸንግላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለግጭት የመጋለጥ ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በማዳመጫ ማውራቱም ብዙ አይሻልም። ልብ ወሬው ጋ ሄዶ ዓይን ብቻውን አይነዳም።

ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጠን ሾፌሩ ቴሌግራም ሲከፍት እያየን ዝም የምንለውም እኛ ነን። ይሉኝታ ይዞን! ከኋላችን የሰው ልጆች ተጭነዋል። የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ እየነዱ ስልክ መያዝን ይከለክላል፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። «ልጄ፣ አቁምና አውራ» በሉት። ሽማግሌ ተናግሮት አሻፈረኝ የሚል ቢኖር ጥቂት ነው፤ እርሱም ቢሆን ተሳፋሪው ሁሉ ሲነሣበት ይሰማል።

ሰው ሞቶ ለጉማ፣ ለደም ዕርቅ፣ ስንቀመጥ ስለ ፍሬኑ እንጠይቃለን፣ ስለ ፍጥነቱ እንጠይቃለን። በዚያች ደቂቃ ማን ይደውል እንደነበር አንጠይቅም። ቢጠየቅ፣ ከመካከላችን አንገቱን የሚደፋ ስንቱ ይሆን?

ስለዚህ ልጁ ሳይነሣ ተስማሙ፤ ጊምቢ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ራሱ ይደውል። ረዳት ካለው ለረዳቱ ደውሉ። ሳታውቁ ደውላችሁ ካነሣ፣ መጀመሪያ «እየነዳህ ነው?» በሉት። አዎ ካለ ወዲያው ዝጉ፤ የከብቱም የጎረቤቱም ሰላምታ ይቆይ።

መርዶ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። አባቶቻችን መርዶ የሚነግሩት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልደው፣ ሰውየው ቤት ሄደው ነበር፤ ደንግጦ ቢወድቅ የሚደግፈው እጅ እንዳይታጣ። ዛሬ ያገኘ ሁሉ ስልክ አንሥቶ «አባትህ ዐርፏል» ይላል፤ ሰሚው በዲዴሳ ቁልቁለት መሪ ይዞ ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ። ይህን በየእድራችን እንከልክል። ሾፌር የሆነ ሰው ቤት ሐዘን ከገባ፣ እርሱ ያለበት ከተማ ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ይነገር፤ ያ ሰው መኪናው ቆሞ ሞተሩ መጥፋቱን በዓይኑ አይቶ ይንገረው፣ ወደ ቀብሩም ሌላ ሾፌር ይዞት ይምጣ።