ገዳሙ ወይስ የምልክቱ ግንብ?

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራችን ከውጭ አገር አንድ ከተማ ይዛችሁ ስለ ታሪካዊ ሕንጻዎቿ በቡድን አቅርቡ ብለውን ነበር። ለኛ ቡድን የደረሰን አርብሮዝ ነው። አርብሮዝ በስኮትላንድ ምሥራቅ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከዛማ “የትኛው ሕንጻ ይበልጣል?” የሚል ክርክር ተነሳና እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ስለዚህ ሐሳቤን እዚህ ልጻፈው።

ጓደኞቼ የመረጡት ገዳሙን ነው። እርግጥ ትልቅ ነው። በ1178 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ዊሊያም ያሠራው ነው። በ1320 ደግሞ የስኮትላንድ መኳንንት አገራቸው ነጻ መሆኗን ገልጸው ለሮማው ጳጳስ የላኩት ደብዳቤ በአርብሮዝ ስም ይጠራል። አሁን ገዳሙ ጣሪያ የለውም፣ ቀዩ ግንብ ግን እንደቆመ ነው። ይሄን ሁሉ አልክድም።

እኔ ግን የምመርጠው ወደቡ አጠገብ በ1813 የተሠራውን የምልክት ግንብ ነው። ለምን መሰላችሁ? ከከተማዋ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ውስጥ ቤል ሮክ የሚባል ዐለት አለ። ባሕሩ ሲሞላ ዐለቱ ስለሚሸፈን መርከቦች ይጋጩበት ነበር። በኋላ እላዩ ላይ ለመርከብ የሚያበራ ረጅም የመብራት ማማ ተሠራና በ1811 በራ። መብራቱን የሚጠብቁት ሰዎች እዛው ባሕር መሀል ለሳምንታት ይቀመጣሉ። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውስ? እነሱ የሚኖሩት በዚህ ግንብ ነበር። ያኔ ስልክ የለም። ጠዋት ማማው ላይ ትልቅ ኳስ ከተሰቀለ “ደህና ነን” ማለት ነው። ከግንቡ ሆነው በቴሌስኮፕ ያዩታል፣ እነሱም ኳስ ሰቅለው ይመልሳሉ። ኳሱ ካልታየ ጀልባ ይላካል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ ወንድ ከሆነ ሱሪ፣ ሴት ከሆነች ቀሚስ ይሰቅሉ ነበር ይባላል። እዚህ ላይ ቡድኑ በሙሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። አባቴ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እማዬ ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። አንዳንዴ ኔትወርክ ስለማይኖር ሁለት ቀን ሙሉ አይደውልም። ያን ጊዜ እኛ ቤት ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፣ ታናሽ እህቴ እንኳን ዝም ትላለች። ኳሱ ያልታየ ቀን እነዛ ልጆች እንዴት እንደሚሆኑ ይገባኛል።

አንዷ ጓደኛዬ “እነሱ እኮ ተራ ሠራተኞች ናቸው” አለችኝ። ታዲያስ? ታሪክ የንጉሥ ብቻ ነው እንዴ? የአርብሮዝ ሰዎች ግንቡ ሥራውን ሲጨርስ አላፈረሱትም፣ ሙዚየም አደረጉት። መብራቱም ከ1988 ጀምሮ ያለ ጠባቂ በራሱ ይሠራል።

በድምፅ 6 ለ 1 ተሸነፍኩ። ሐሙስ የምናቀርበው ገዳሙን ነው። እኔ ግን የግንቡን ሥዕል ሠርቼ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ። ኳሱን ወደ ላይ አድርጌ ነው የሳልኩት፣ አባቴ ትናንት ማታ ስለደወለ።