ሰገራም ምስክር ነው

በአገራችን የሐኪም ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው «ሰገራ አምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ሳይሰማ አይቀርም። ትንሿን ዕቃ በመዳፉ ሸሽጎ፥ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን እየቃኘ ወደ ምርመራው ክፍል የሚፈጥነው ብዙ ነው። እዚያም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው አሜባና የሆድ ትል ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ይኸው የሚታፈርበት ነገር ስለሚሰጠው ሌላ ምስክርነት ነው።

ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የተባሉት ደዌዎች አንጀትን እያስቆጡና እያቆሰሉ ከሰው ጋር ዕድሜ ልክ የሚኖሩ ናቸው። የፊተኛው ስም የተወሰደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ በሽታው ከጻፉት ከኒውዮርኩ ሐኪም ከዶክተር በሪል ክሮን ነው። የእነዚህ ሕመሞች ተንኮል ጋብ ብሎ መመለስ ነው። ሕመምተኛው ሆዱ ጸጥ ሲልለት «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ቁስሉ ግን በውስጥ ሥራውን አላቆመ ይሆናል። ይህን ለማወቅ አንጀትን በመድኃኒት አጥቦ፥ መብራት ያለው ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ማየት ያስፈልግ ነበር። ይህንንስ በየጥቂት ወሩ ማን ይችለዋል?

በ1980 ማግኔ ፋገርሆል የተባሉ የኖርዌይ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከነጭ የደም ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን ለይተው አወጡ፤ ኋላም ካልፕሮቴክቲን ተባለ። በ1992 ደግሞ ከሰገራ ውስጥ መለካት እንደሚቻል እዚያው ኖርዌይ ታየ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንጀት ሲቆጣ ነጭ ሕዋሳት እንደ ዘማች ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ የያዙት ፕሮቲንም ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ብዛቱ የቁጣውን መጠን ያመለክታል።

ጥቅሙ በወሬ የቀረ አይደለም። በ2017 በታተመው ካልም በተባለው ጥናት 244 የክሮንስ ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን መድኃኒት በሚታየው የሕመም ምልክት ብቻ፥ የሁለተኛው ግን የሰገራና የደም ምርመራ ታክሎበት ተስተካከለ። ከ48 ሳምንት በኋላ አንጀታቸው የሻረላቸው ከፊተኞቹ ከመቶ 30፥ ከኋለኞቹ ከመቶ 46 ሆኑ።

ይሁን እንጂ ካልፕሮቴክቲን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያንና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም ከፍ ያደርጉታል። እንደኛ አሜባና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። በሽታውን መጀመሪያ ለይቶ ለማወቅም ቱቦው ዛሬም አይቀርም።

በኛ አስተያየት ግን ምርመራው በሚገኝበት ሁሉ ሐኪሙ ቱቦውን ደጋግሞ ከማዘዙ በፊት ይህን ምስክር ቢጠይቅ፥ ሕመምተኛውም ኀፍረቱን ትቶ ዕቃዋን ይዞ ቢቀርብ ይበጃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም? ደኅና የሆነ የመሰለውም ሰው ቢሆን፥ መድኃኒቱን ከመጣሉ በፊት ሰገራው ምን እንደሚል ያስጠይቅ እንላለን።